የጋውስ ነጥብ ውጤቶችን ለምስላዊ ትንተና ማስቀመጥ፦ የፋይናይት ኤለመንት መረጃ አያያዝ አምስት መንገዶች ንጽጽር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ስትረስ፣ ስትሬንና የቁሱ ውስጣዊ ሁኔታ የሚሰሉት በኤለመንቱ ውስጥ በሚገኙ የኢንቴግሬሽን ነጥቦች ላይ ነው። ምስል የሚሠሩ ፕሮግራሞች ግን በአብዛኛው መረጃን የሚጠብቁት ከሁለት ቦታዎች በአንዱ ላይ ነው፤ በኖድ ወይም በኤለመንት። በዚህ ልዩነት ምክንያት ተመራማሪው ውጤቱን ከማስቀመጡ በፊት አንድ ዓይነት ለውጥ ለማድረግ ይገደዳል። ይህ ጽሑፍ ለውጡ የሚደረግባቸውን አምስት መንገዶች በአንድ ቀላል የቁጥር ምሳሌና በአንድ የመረጃ መጠን ስሌት ያነጻጽራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ቀዳሚ ሆኖ መቀመጥ ያለበት በነጥቦቹ ላይ የተሰላው ጥሬ እሴት ነው፣ ለምስል የሚሆነው እሴት ግን ከእርሱ የሚወጣና ስሙን በግልጽ የያዘ ተወላጅ መሆን አለበት የሚል ነው።

1. መግቢያ

የአንድ መዋቅር የፋይናይት ኤለመንት ስሌት ሲጠናቀቅ ለአንባቢ፣ ለአማካሪም ሆነ ለፈታኝ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ባለቀለም ምስል ነው። ቀዩ ቦታ ከፍተኛ ስትረስ፣ ሰማያዊው ዝቅተኛ መሆኑን ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ ይረዳል። በምስሉ ጎን ያለው የቀለም መለኪያ ላይ የሚታየው ከፍተኛ ቁጥርም ወደ ዘገባው ይገባል፤ ከዚያም የንድፍ ውሳኔ ይመሠረትበታል። ይሁንና ያ ቁጥር በስሌቱ ውስጥ በየትኛውም ደረጃ ላይ ያልተሰላ ሊሆን ይችላል። በስሌቱና በምስሉ መካከል መረጃውን የለወጠ አንድ ሂደት አለ፤ ሂደቱም ብዙ ጊዜ በፕሮግራሙ ቀድሞ በተቀመጠ ምርጫ ስለሚከናወን ተጠቃሚው አያየውም።

ከኤለመንት ስሌት የሚወሰድ የስትረስ ቁጥር ምን ያህል ክብደት እንዳለው የምሕንድስና ታሪክ ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ስታቫንገር አቅራቢያ በሚገኘው ጋንድስፊዮርድ የስላይፕነር ኤ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ሰጠመ። በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው በአንዳንድ የግድግዳ መገናኛዎች ላይ የሸር ስትረሱ በ47 በመቶ ገደማ አንሶ ተገምቶ ነበር፤ በቦታው የተሠራው የኤለመንት መረብም ለችግሩ የሚመጥን አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ የመረብ ጥራት አይደለም። ሆኖም ከኤለመንቱ ውስጥ ወጥቶ ወደ መሐንዲሱ እጅ የሚደርሰው ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ግድ መሆኑን አደጋው በቂ ማስረጃ ነው።

2. እሴቶቹ በኢንቴግሬሽን ነጥቦች ላይ የሚገኙበት ምክንያት

የኤለመንቱ የጥንካሬ ማትሪክስ የሚገኘው በኤለመንቱ ይዘት ላይ ከሚወሰድ ኢንቴግራል ነው። ቅርጹ የተዛባ ኤለመንት ላይ ይህን ኢንቴግራል በእጅ መፍታት ስለማይቻል የጋውስ ዘዴ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ፈንክሽኑ በተመረጡ ጥቂት ነጥቦች ላይ ይሰላል፣ እያንዳንዱ እሴት በነጥቡ ክብደት ይባዛል፣ ከዚያም ድምሩ ይወሰዳል። ከ1 ሲቀነስ እስከ 1 ሲደመር ባለው የመነሻ መስመር ላይ የሁለት ነጥብ ዘዴ ነጥቦቹን በ±1/√3 ማለትም በ±0.577 ላይ ያስቀምጣል፤ ክብደታቸውም 1 እና 1 ነው። የሦስት ነጥብ ዘዴ ደግሞ በ0 እና በ±0.775 ላይ ሲያስቀምጣቸው የመካከለኛው ክብደት 8/9፣ የዳርቻዎቹ 5/9 ይሆናል። ለካሬና ለኩብ ኤለመንቶች እነዚሁ ነጥቦች በሁለት ወይም በሦስት አቅጣጫ ይባዛሉ፤ ስለዚህ ባለ 8 ኖድ ኩብ ኤለመንት በሙሉ ኢንቴግሬሽን 8 ነጥቦች ይኖሩታል።

ቁሱ ቀጥተኛ ባሕርይ በሚኖረው ጊዜ ነጥቦቹ የሒሳብ መሣሪያ ብቻ ሊመስሉ ይችላሉ። ቁሱ ወደ ፕላስቲክ ሁኔታ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቁሱ ሞዴል የሚፈተሸው፣ የይልድ ሁኔታ የሚረጋገጠው፣ ፕላስቲክ ስትሬን የሚጠራቀመው፣ ጉዳት የሚመዘገበው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ነጥቡ የቁሱን ታሪክ የሚይዝ ማኅደር ነው፤ ኖዱ ያንን ታሪክ አያውቅም።

ሌላም ምክንያት አለ። ስትረስ የሚገኘው ከዲስፕሌስመንት ዴሪቬቲቭ በመሆኑ በአጠገብ ለአጠገብ ኤለመንቶች ድንበር ላይ ይዘላል፤ ኖዱን የሚጋሩ አራት ኤለመንቶች ለአንዱ ኖድ አራት የተለያዩ የስትረስ እሴቶች ይሰጣሉ። ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት በኤለመንት ውስጥ የስትረስ ትክክለኛነት ከሌላው ቦታ የሚበልጥባቸው ነጥቦች እንዳሉ አሳይቷል፤ በተለመዱ ኤለመንቶች እነዚህ ነጥቦች ከዝቅተኛ ደረጃ የጋውስ ነጥቦች ጋር ይገጥማሉ ወይም ይቀራረባሉ። ስለሆነም ከነጥቡ ወደ ኖድ የሚደረገው ጉዞ በአጠቃላይ ከተሻለ ትክክለኛነት ወደ ደካማው የሚደረግ ነው።

3. አምስቱ መንገዶች

3.1 የኤለመንት አማካይ። የነጥቦቹ እሴቶች በክብደታቸውና በጃኮቢያኑ ዴተርሚናንት ተመዝነው ወደ አንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ፤ ቁጥሩም ከኤለመንቱ ጋር ይቀመጣል። በቪቲኬ ቤተ መጻሕፍት አጠራር ይህ የሴል ዳታ ነው። ፋይሉ ትንሽ ይሆናል፣ ማንኛውም ፕሮግራምም ያነበዋል። በኤለመንቱ ውስጥ ያለው ልዩነት ግን ይጠፋል።

3.2 የኖድ እሴት። የነጥቦቹ እሴቶች በቅርጽ ፈንክሽን ወደ ኤለመንቱ ማእዘኖች ተዘርግተው፣ ኖዱን ከሚጋሩ ኤለመንቶች የመጡት ቁጥሮች በአማካይ ይጠቃለላሉ። ሂንተንና ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን የማለስለስ ሥራ በአነስተኛ ካሬዎች ዘዴ ላይ መሠረቱት፤ ዚየንኪየቪችና ዡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በኖዱ ዙሪያ ካሉ ኤለመንቶች ነጥቦች ላይ ፖሊኖሚያል በማስማማት እሴቱን መልሶ የሚያገኝ የተሻለ ዘዴ አቀረቡ። ምስሉ ለስላሳና ለዓይን የሚማርክ ይሆናል። ነገር ግን በሁለት የተለያዩ ቁሶች ድንበር ላይ በእውነት መኖር ያለበትን ዝላይም ያጠፋዋል።

3.3 የኤለመንት ኖድ እሴት። ዝርጋታው ይደረጋል፤ የጎረቤቶች አማካይ ግን አይወሰድም። እያንዳንዱ ኤለመንት ለየኖዶቹ የራሱን እሴት ይይዛል። ኮድ አስተር በተባለው ፕሮግራም ኤልኖ የሚባለው የመረጃ ዓይነት ይኸው ሲሆን፣ የጂሜሽ ፎርማትም የኤለመንት ኖድ ዳታ የሚል ክፍል አለው። እንዲህ ያለ ክፍል በሌለው ፎርማት ላይ ኖዶቹን በየኤለመንቱ ማባዛት ያስፈልጋል።

3.4 ንዑስ ሴል። እያንዳንዱ ኤለመንት በነጥቦቹ ቁጥር ልክ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የአንዱን ነጥብ እሴት ሳይለወጥ ይይዛል። ክፍፍሉ በዘፈቀደ መሆን የለበትም። በመነሻው መስመር ላይ የቁራጮቹን ርዝመት ከነጥቦቹ ክብደት ጋር እኩል ማድረግ ይቻላል። በሦስት ነጥብ ዘዴ ድንበሮቹ በ±4/9 ላይ ያርፋሉ፤ የቁራጮቹ ርዝመትም 5/9፣ 8/9፣ 5/9 ሆኖ ድምሩ 2 ይሆናል። ዳር ላይ ያለው 0.775ም በ0.444 እና በ1 መካከል ስለሆነ በራሱ ቁራጭ ውስጥ ይገኛል። በዚህ አከፋፈል ያልተዛባ ኤለመንት ላይ የምስሉ ቁራጮች የይዘት ድርሻ ከስሌቱ ክብደት ጋር አንድ ይሆናል።

3.5 ጥሬ የነጥብ እሴት። እሴቶቹ ምንም ሳይነኩ በአንድ ረጅም ድርድር ይቀመጣሉ፤ ከየትኛው ኤለመንት እንደሆኑና ነጥቡ በኤለመንቱ ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚያስረዳ መግለጫም ይታከላል። የሜድ ፎርማትና ኮድ አስተር ይህን ኤልጋ በሚለው ስም ያውቁታል። በቪቲኬም ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር አለ፦ እሴቶቹ በፊልድ ዳታ ውስጥ ይገባሉ፤ የየኤለመንቱ መነሻ ቦታ በሴል ዳታ ይመዘገባል፤ ለእያንዳንዱ የሴል ዓይነትም የቅርጽ ፈንክሽን እሴቶችንና ክብደቶችን የያዘ መዝገብ ይያያዛል። ፓራቪው ከዚህ ተነሥቶ ነጥቦቹን በትክክለኛ ቦታቸው ማመንጨት ይችላል። መዝገቡ በሴል ዓይነት የተከፋፈለ በመሆኑ ግን በአንድ መረብ ውስጥ ከፊሉ ኩብ በ8 ነጥብ፣ ከፊሉ በ1 ነጥብ የተሰላ ከሆነ መረጃውን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል።

4. የቁጥር ምሳሌ

ልዩነቱን ለማሳየት አንድ ባለ 4 ኖድ ካሬ ኤለመንት እንውሰድ፤ 4 የጋውስ ነጥቦች አሉት። ቁሱ ፍጹም ፕላስቲክ ነው፤ የይልድ ገደቡ 250 ሜጋ ፓስካል በመሆኑ የቮን ሚዝስ ስትረሱ ከዚህ ሊያልፍ አይችልም። ስሌቱ በግራ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ 120፣ በቀኝ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ 250 ሰጥቷል እንበል።

በመጀመሪያው መንገድ የኤለመንቱ አማካይ 185 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። «ይልድ ያደረጉትን ኤለመንቶች አሳይ» ብሎ የሚጠይቅ ተጠቃሚ ይህን ኤለመንት አያገኘውም፤ ግማሹ ግን ይልድ አድርጓል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መንገድ ወደ ማእዘኖቹ የሚደረገው ዝርጋታ ለእያንዳንዱ ማእዘን የቅርቡን ነጥብ በ1.866፣ ሁለቱን አጎራባቾች በ-0.5፣ የሰያፉን ነጥብ በ0.134 ያባዛል። ለቀኝ ማእዘን ስሌቱ 1.866 × 250 - 0.5 × (250 + 120) + 0.134 × 120 ሲሆን ውጤቱ 297.6 ሜጋ ፓስካል ነው። ለግራው ማእዘን 72.4 ይገኛል። ምስሉ ከይልድ ገደቡ በ19 በመቶ የሚበልጥ ስትረስ ያሳያል፤ ይህ በተመረጠው የቁስ ሞዴል ሊኖር የማይችል ነው። በስተቀኝ ያለው ጎረቤት ኤለመንት በሙሉ 250 ቢሆንና የኖዱ አማካይ ቢወሰድ እንኳ ቁጥሩ 273.8 ይሆናል። ማለስለስ ስሕተቱን ቀነሰው እንጂ አላስወገደውም።

በዚሁ ኤለመንት ላይ የተጠራቀመው ፕላስቲክ ስትሬን በግራ ነጥቦች 0፣ በቀኝ ነጥቦች 0.004 ይሁን። ዝርጋታው ለቀኝ ማእዘኖች 0.00546፣ ለግራ ማእዘኖች ደግሞ -0.00146 ይሰጣል። የተጠራቀመ ፕላስቲክ ስትሬን ከዜሮ በታች መሆን እንደማይችል የታወቀ ነው። ምስሉን ያየ ሰው የቁስ ሞዴሉ ተሳስቷል ብሎ ጥፋቱን በስሌቱ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ሊከርም ይችላል፤ ጥፋቱ ግን በኮዱ ውስጥ የለም፣ የመጣው ከማስቀመጫው ምርጫ ነው።

የቅደም ተከተል ጉዳይም አለ። ከቴንሰር የሚወጡ እንደ ቮን ሚዝስ ያሉ መጠኖች ቀጥተኛ ስላልሆኑ አማካይ ወስዶ ማስላትና አስልቶ አማካይ መውሰድ አንድ አይደሉም። በአንዱ ነጥብ የሸር ስትረሱ 100፣ በሌላው -100 ሜጋ ፓስካል ቢሆንና ሌሎቹ ክፍሎች ዜሮ ቢሆኑ፣ የየነጥቡ ቮን ሚዝስ 173.2 ነው፤ አማካዩም 173.2። መጀመሪያ ቴንሰሮቹ በአማካይ ከተጠቃለሉ ግን ሁሉም ዜሮ ይሆንና ቮን ሚዝሱም ዜሮ ይሆናል። ተመሳሳይ ስም የተሰጣቸው ሁለት ምስሎች ከአንድ ስሌት ወጥተው ይህን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ።

አራተኛውና አምስተኛው መንገድ በዚህ ምሳሌ 120ን 120፣ 250ን 250 አድርገው ያሳያሉ። ምስላቸው ለስላሳ አይደለም፤ በስሌቱ ያልተሰላ ቁጥር ግን አይጨምሩም።

5. የመጠን ስሌት

በጥሬ እሴት ላይ የሚቀርበው ዋና ተቃውሞ የፋይሉ መግዘፍ ነው። ተቃውሞው በቁጥር መታየት ይገባዋል። በየጎኑ 100 ኤለመንቶች ያሉት የኩብ መረብ 1,000,000 ባለ 8 ኖድ ኤለመንቶችና 1,030,301 ኖዶች አሉት። ስትረስ 6 ክፍሎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ይይዛል። ለአንድ የጊዜ ደረጃ የሚያስፈልገው ቦታ እንደሚከተለው ነው።

የኤለመንት አማካይ፦ 48 ሜጋ ባይት
የኖድ እሴት፦ 49.5 ሜጋ ባይት
የኤለመንት ኖድ እሴት፦ 384 ሜጋ ባይት
ንዑስ ሴል፦ 384 ሜጋ ባይት
ጥሬ የነጥብ እሴት፦ 384 ሜጋ ባይት

ለ100 የጊዜ ደረጃዎች የኖድ እሴት 4.9 ጊጋ ባይት ሲፈጅ ጥሬው እሴት 38.4 ጊጋ ባይት ይፈጃል። ልዩነቱ ወደ ስምንት እጥፍ ስለሆነ ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ይሁንና ሦስት ነገሮች ያረግቡታል። አንደኛ፣ ለምስል ብቻ የሚፈለጉ ደረጃዎች በ4 ባይት ቁጥር ቢቀመጡ ወደ 7 የሚጠጉ ትርጉም ያላቸው አኃዞች ስለሚይዙ ለዓይን የሚጠፋ ነገር የለም፤ መጠኑም በግማሽ ይቀንሳል። ስሌቱን ከዚያ ደረጃ ለመቀጠል የሚፈለጉት ደረጃዎች ግን በ8 ባይት መቀመጥ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ጥሬ እሴት በሁሉም ደረጃዎች ላይ ላያስፈልግ ይችላል፤ አሥር የተመረጡ ደረጃዎች 3.84 ጊጋ ባይት ብቻ ይፈጃሉ። ሦስተኛ፣ እንደ ኤችዲኤፍ5 ያሉ ፎርማቶች ድርድሮችን በቁራጭ ከፋፍለው መረጃ ሳያጎድሉ ያመቃሉ፤ ዜሮ የበዛበት የፕላስቲክ ስትሬን ድርድር በተለይ በጣም ይታመቃል።

ከእሴቶቹ ሌላ የቅርጽ መረጃው መታሰብ አለበት። በዚህም ንዑስ ሴል ከሁሉም ይከብዳል። ኩቡ በየአቅጣጫው ለሁለት ሲከፈል 8,120,601 ነጥቦች ይፈጠራሉ፤ የነጥቦቹ መገኛ 194.9 ሜጋ ባይት፣ የ8,000,000 ቁራጮች ግንኙነት ብቻውን በ8 ባይት ኢንቲጀር 512 ሜጋ ባይት ይወስዳል። ጥሬው እሴት በተቃራኒው ከመጀመሪያው መረብ ሌላ የሚፈልገው የ8 ነጥቦችን የመነሻ መገኛና ክብደት ነው፤ ይኸውም 32 ቁጥሮች ናቸው። የነጥቦቹ እውነተኛ ቦታ ከኖዶቹ መገኛ በቅርጽ ፈንክሽን አማካይነት ሲፈለግ ይሰላል፤ መረቡ በእያንዳንዱ ደረጃ ቅርጹን ቢለውጥም እንኳ ተጨማሪ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ስለዚህ ንዑስ ሴል ከጥሬው እሴት በሚነበብበት ሰዓት የሚሠራ ማሳያ ቢሆን ይመረጣል፤ በዲስክ ላይ ቋሚ ማኅደር መሆኑ ጥቅሙ ያንሳል።

የኤለመንት ኖድ እሴት ከጥሬው ጋር እኩል ቦታ ከያዘ ሊተካው ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በኤለመንቱ ዓይነት ይወሰናል። በባለ 8 ኖድና ባለ 8 ነጥብ ኩብ ላይ ዝርጋታው የሚገለበጥ ማትሪክስ ስለሆነ ጥሬው እሴት ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ባለ 20 ኖድ ኩብ በ27 ነጥቦች ሲሰላ ግን 27 ነጻ ቁጥሮች በ20 ቁጥሮች ሊወከሉ አይችሉም፤ መረጃው ይጠፋል። ባለ 10 ኖድ ቴትራሄድሮን በ4 ነጥቦች ሲሰላ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ 4 ቁጥሮች በ10 ይገለጻሉ፣ ቦታም ያለ ጥቅም ይባክናል።

6. ከእሴቶቹ ጋር አብሮ መቀመጥ ያለበት

ጥሬ እሴት ያለ መግለጫው የቁጥር ክምር ነው። ፋይሉን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚከፍት ሌላ ተመራማሪ ሊረዳው እንዲችል ቢያንስ የሚከተሉት ሊካተቱ ይገባል።

የነጥቦች ቅደም ተከተል። የጋውስ ነጥቦችን አቆጣጠር የሚወስን ለሁሉም የጋራ የሆነ ሥርዓት የለም፤ አንዱ ፕሮግራም በመጀመሪያው አቅጣጫ ሲቀድም ሌላው በመጨረሻው ይቀድማል። ስለዚህ የዘዴውን ስም መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የነጥቦቹ የመነሻ መገኛና ክብደት በቁጥር መቀመጥ አለበት።

የየኤለመንቱ መነሻ ቦታ። የተለያዩ ኤለመንቶች በአንድ መረብ ሲኖሩ የነጥቦቻቸው ቁጥር ይለያያል። 8፣ 4 እና 1 ነጥብ ያላቸው ሦስት ኤለመንቶች ቢከታተሉ የመነሻ ድርድሩ 0፣ 8፣ 12፣ 13 ይሆናል፤ የመጨረሻው ቁጥር የእሴቶቹን ጠቅላላ ብዛት ያረጋግጣል።

የቴንሰር ክፍሎች ቅደም ተከተል። ስድስቱ ክፍሎች በቪቲኬ ሥርዓት ከሦስቱ ቀጥ ክፍሎች በኋላ አንድ-ሁለት፣ ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሦስት ተብለው ይቀጥላሉ። በአባከስ ግን አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሦስት፣ ሁለት-ሦስት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቢለዋወጡ ቮን ሚዝስ ስትረሱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ስሕተቱ በተለመደው ምስል ላይ አይታይም። ዋና አቅጣጫዎች ሲሳሉ ግን ቀስቶቹ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

የስትሬን ትርጓሜና የመገኛ ሥርዓት። የሸር ስትሬን በምሕንድስና ልማድ ከቴንሰሩ ክፍል ሁለት እጥፍ ነው፤ የትኛው እንደተቀመጠ መጻፍ አለበት። በሼል ኤለመንቶችም እሴቱ በኤለመንቱ የራሱ አቅጣጫ ነው ወይስ በአጠቃላዩ የሚለው መታወቅ ይገባዋል፤ በሼል ውፍረት ውስጥ የነጥቡ ደረጃም እንዲሁ።

አሃድና የጊዜ ደረጃ። ፓስካልና ሜጋ ፓስካል በፋይሉ ውስጥ ካልተለዩ የሚለያቸው የአንባቢው ግምት ብቻ ይሆናል።

7. የሚመከር አሠራር

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥን ቀላል አሠራር እንደሚከተለው ሊቀርብ ይችላል።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የተመረጠ የጊዜ ደረጃ ላይ የስሌቱ ፕሮግራም ጥሬውን እሴት በኤችዲኤፍ5 ፋይል ውስጥ ይጽፋል። የነጥቦቹ ቁጥር በሁሉም ኤለመንቶች እኩል ከሆነ ድርድሩ ኤለመንት፣ ነጥብና ክፍል የሚል ሦስት ልኬት ይኖረዋል፤ እኩል ካልሆነ ነጥብና ክፍል የሚል ሁለት ልኬት ኖሮት የመነሻ ድርድር ይታከልበታል።

ሁለተኛ፣ በክፍል 6 የተዘረዘሩት መግለጫዎች በዚያው ፋይል ውስጥ ከድርድሩ ጋር ይያያዛሉ። በሌላ ሰነድ የተጻፈ መግለጫ ከፋይሉ ጋር አብሮ አይጓዝም።

ሦስተኛ፣ ለምስል የሚሆኑት ተወላጅ እሴቶች በተለየ ትንሽ ፕሮግራም ከጥሬው ይወጣሉ። የእያንዳንዳቸው ስም የተገኙበትን መንገድ ይናገራል፤ «ስትረስ» ብቻ ከማለት «ስትረስ፣ የኤለመንት አማካይ» ወይም «ቮን ሚዝስ፣ በነጥብ ከተሰላ በኋላ ወደ ኖድ የተዘረጋ» ይባላል።

አራተኛ፣ ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት ሦስት ፍተሻዎች ይደረጋሉ። የክብደቶቹ ድምር ከመነሻው ኤለመንት ይዘት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ለካሬ 4፣ ለኩብ 8፣ ለሦስት ማእዘን 1/2፣ ለቴትራሄድሮን 1/6። የየነጥቡ ክብደት በዴተርሚናንቱ ተባዝቶ በመላው መረብ ሲደመር የመዋቅሩን ይዘት መስጠት አለበት። በመጨረሻም ከፋይሉ የተነበበው ከፍተኛ የቮን ሚዝስ እሴት የስሌቱ ፕሮግራም ራሱ በነጥቦቹ ላይ ካገኘው ጋር መግጠም አለበት። ሦስተኛው ፍተሻ የሚያስከትለው ድካም ትንሽ ነው፤ በክፍል 4 የታየውን ዓይነት 297.6 ግን ወዲያው ያጋልጣል።

አምስተኛ፣ በጽሑፍ የሚቀርበው ከፍተኛ ቁጥር ከጥሬው እሴት ይወሰዳል፤ ለስላሳው የኖድ ምስል የስርጭቱን መልክ ለማሳየት ብቻ ያገለግላል። በምስሉ መግለጫ ላይም እሴቱ የተገኘበት መንገድ በአንድ ሐረግ ይጠቀሳል።

ይህ አሠራር ወሰን እንዳለውም መታወቅ አለበት። የጋውስ ነጥቦች በኤለመንቱ ውስጥ እንጂ በገጹ ላይ ስላልሆኑ በመዋቅሩ ወለል ላይ የሚገኝ ከፍተኛ ስትረስ፣ ለምሳሌ በጎባጭ ምሰሶ ዳርቻ ላይ ያለው፣ ከጥሬው ቁጥር ሊበልጥ ይችላል። ቀጥተኛ ባሕርይ ባለው ቁስ ላይ ወደ ወለሉ የሚደረግ ዝርጋታ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። በፕላስቲክ ቁስ ላይ ግን ያው ዝርጋታ የቁሱን ሕግ ይጥሳል። ስለዚህ ጥያቄው ዝርጋታ ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚል አይደለም። ዋናው ነገር የሚዘረጋው ሰው ምን እየዘረጋ እንደሆነ ማወቁና ያልተዘረጋውን መልሶ ማግኘት መቻሉ ነው።

8. ማጠቃለያ

በፋይናይት ኤለመንት ስሌት የተሰላውና በምስል የሚታየው በአንድ ቦታ ላይ አይገኙም። የኤለመንት አማካይ የተፈጠረውን ይልድ ሊሸሽግ፣ የኖድ ዝርጋታ ያልተፈጠረ ስትረስ ሊያሳይ፣ የቴንሰር አማካይ ደግሞ ያለውን ስትረስ ዜሮ ሊያደርግ እንደሚችል በአንድ ኤለመንት ምሳሌ ታይቷል። ንዑስ ሴል ታማኝ ማሳያ ነው፤ ለማኅደርነት ግን ይከብዳል። ጥሬው የነጥብ እሴት ከኖድ እሴት ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ቦታ ቢፈልግም ደረጃዎችን በመምረጥ፣ በ4 ባይት በማስቀመጥና በማመቅ የሚቻል ይሆናል። ከጥሬው እሴት ሌሎቹን አራቱንም ማውጣት ይቻላል፤ ከአማካይ ወይም ከተለሰለሰ የኖድ እሴት ተነሥቶ ግን ወደ ጥሬው መመለስ አይቻልም። ስለሆነም የጥናቱ ማኅደር ጥሬውን እሴትና መግለጫውን ይያዝ፤ ምስሉም ከየት እንደመጣ በራሱ ላይ ይጻፍ።